ሰው መሃል ለሚተኩስ ቅጣቱ ይክበድ ወይስ ያለው ይበቃል?

የአጂፕ ልጅ፦ ሰላም ጅማዎች። የዛሬው ክርክር ከበድ ይላል። ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ መናኸሪያ፣ መስጊድ፣ ቤተክርስቲያን፣ ብቻ ሰው በተሰበሰበበት ተኩስ ከፍቶ ሰው ለሚፈጅ ለብቻው ከባድ ቅጣት ያለው ሕግ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ነገሩን ያስነሳብኝ የፍሎሪዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፓርክላንድ ትምህርት ቤት ገብቶ 17 ሰው የገደለ ልጅ ነበር፣ ፍርድ ላይ ከ12ቱ የሕዝብ ዳኞች 9ኙ ይሙት ሲሉ 3ቱ አይሆንም አሉ፣ ያኔ ሁሉም መስማማት ስለነበረበት በዕድሜ ልክ ቀረ፣ በ2023 ሕጉን ቀይረው ከዚህ በኋላ 8 ሰው ካለ ይበቃል አሉ። እኔ እንደዛ ጠንከር ያለ ነገር እኛም ጋ ይምጣ ባይ ነኝ። ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ሌላ ምን ይላል።

ባጃጅ ሾፌሩ፦ ይምጣ!! ይሄ ደሞ ምን ያከራክራል

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ ቀስ በል ወንድሜ ጉድጓድ አለ። የምትሉት ቅጣት እኮ ድሮም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 አስቦበት ተዘጋጅቶ ወይም በተለየ አደገኛ መንገድ የገደለ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው ይላል፣ ያውም ለአንድ ሰው። 20 ስለገደለ 20 ጊዜ ልትሰቅሉት ነው? ደግሞ ሞት የተፈረደበት ሁሉ አይገደልም፣ ርዕሰ ብሔሩ ማጽናት አለበት፣ እዚህ አገር ለመጨረሻ ጊዜ ተፈጸመ የተባለው በ1999 ነው፣ የደህንነት ሹሙን ክንፈ ገብረመድህንን የገደለው ሻለቃ ላይ። ከዛ ወዲህ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

የአጂፕ ልጅ፦ እና ችግሩ እሱ አይደል? ለልጅ ጅብ መጣልህ እንደማለት ሆኖ ቀረ። ጅቡ እንደማይመጣ ልጁም ያውቃል።

ጁምዓ፦ ወላሂ እኔ ግን ፍርሃት የሚባለው ነገር አይገባኝም። ላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. 2017 ላይ ሆቴል መስኮት ሆኖ ኮንሰርት ላይ ያርከፈከፈው ሰውዬ ፖሊስ ሳይደርስበት ራሱን ነው የገደለው። ለመሞት ቆርጦ የወጣን ሰው በምን ታስፈራራዋለህ። ኒውዚላንድን እዩ፣ እ.ኤ.አ. 2019 ክራይስትቸርች ጁምዓ ሰላት ላይ ሁለት መስጊድ ገብቶ 51 ሰው ገደለ፣ ዜናውን የሰማሁት ከመስጊድ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው መቼም አልረሳውም። እነሱ ግን ወር ሳይሞላ የለወጡት ቅጣቱን ሳይሆን መሣሪያውን ነው፣ ፓርላማው 119 ለ1 ከፊል አውቶማቲኩን ከለከለ። ገዳዩ በነበረው ሕግ ምህረት የሌለው ዕድሜ ልክ ገባ።

የጎንደሩ፦ እኔ እዚህ ጅማ 20 ዓመት ኖሬ የምፈራው አንድ ነገር ነው። እኛ አገር ሰርግ ላይ ጥይት ካልጮኸ ሰርግ አይመስልም። ይሄ ሕግ ሲወጣ የሚታሰረው ጅምላ ገዳይ መሰላችሁ? የሙሽራው አጎት ነው 😂

ባጃጅ ሾፌሩ፦ ይታሰር! ወደ ሰማይ የተኮሰው ጥይት ሰማይ ላይ ይቀራል እንዴ

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ ይሄ ቀልድ አይደለም። አጎትየው ሰው ቢገድል በቸልተኝነት ተብሎ አንቀጽ 543 ላይ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ሊወጣ ይችላል። በ4,000 ብር ዛሬ ደህና ጫማ አትገዛም።

እትዬ ጀበና፦ ልጆቼ እኔ ሕግ አላነበብኩም። ተኩስ ግን ሰምቻለሁ። ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን፣ ሁለተኛውን ጀበና ጥጄ ገና ልቀዳ ስል ሁለት ወንዶች ተጨቃጨቁ፣ አንዱ ሽጉጥ አወጣና ሰው መሃል ተኮሰ። አንድ ጥይት ናት፣ አንዷ ብቻ። ሰዉ እንደ ጎርፍ መጣብን። ረከቦቴ ተገለበጠ፣ ሲኒ በሙሉ ዱቄት ሆነ፣ አጠገቤ ጎመን የምትሸጠው ልጅ እጇን ተረግጣ ጣቷ እስካሁን አይታጠፍም። ስመለስ ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን አጥፍቶታል፣ መሬቱ ላይ ያለው ጫማ ብቻ ነው፣ የሴት፣ የወንድ፣ የሕፃን፣ ሁሉም አንድ አንድ እግር። ሰውየው ማንንም አልመታም ተብሎ በሳምንቱ እዛው ሻይ ሲጠጣ አየሁት። እና ዕድሜ ልክ ሞት ምናምን የምትሉት ለሱ ይሆናል?

የአጂፕ ልጅ፦ 😳 እትዬ አመልክተሽ ነበር?

እትዬ ጀበና፦ አመልክቻለሁ እንጂ። ምስክር አምጪ አሉኝ። ምስክሩ ሁሉ ጫማውን ጥሎ ሮጧል፣ ከየት ላምጣ። ያየችውን አንዷን ጎረቤቴን ብለምናት ነገ ቢመጣብኝስ አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

አባ ጊቤ፦ እኔም ልበል። በኛ በኦሮሞ ሰው ከሞተ ጉማ አለ፣ ሽማግሌ ገብቶ የሟችንና የገዳይን ወገን ያስታርቃል፣ ደም ይደርቃል። ጉማ ግን ገዳይ ይህ፣ ሟች የእገሌ ልጅ ተብሎ ነው። ገበያ ላይ የተተኮሰውን ማንን ከማን ታስታርቀዋለህ? አንዱ ከሰቃ የመጣ፣ አንዱ ከአጋሮ፣ አንዱ መንገደኛ፣ የሚያውቀውም የለ የሚጠላውም የለ። ሽማግሌ እዚህ ጋ አቅም የለውም። ስለዚህ መንግሥት ይግባበት እላለሁ፣ መግደሉን ግን ለፈጣሪ ተዉት።

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ አባ አመሰግናለሁ። እትዬ ካወሩ ጀምሮ ዝም ያልኩት ስገለብጥ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ሐሳቤን በግማሽ እየቀየርኩ ነው። ሽብር ነው እንዳይባል የሽብር አዋጁ 1176/2012 የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማ ይፈልጋል፣ ይሄ የሰካራም ጠብ ነው። ክፉኛ ቢያቆስል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 አለ፣ እሱ ደግሞ ከ1 ዓመት ቀላል እስራት ይጀምርና እስከ 15 ዓመት ጽኑ ይሄዳል፣ መሃሉ ሲኖትራክ ያሳልፋል። ካልመታ ደግሞ ለመግደል ማሰቡን ካላስረዳህ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ስሙኝ፣ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለ፣ ማንነት መደበቅ፣ ቦታ መቀየር ሁሉ ያለበት፣ ግን የሚሠራው 10 ዓመትና ከዛ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው። እና የእትዬ ጎረቤት የፈራችው በዚህ ነው፣ ቀላል ወንጀል ከሆነ ጥበቃውም የለም። ሰው መሃል መተኮሱ ብቻውን፣ ባይመታም፣ 10 ዓመት ቢገባ ያቺ ሴት ቢያንስ ጥበቃ መጠየቅ ትችላለች።

ጁምዓ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ጥበቃው ጅማ ላለች ጎመን ሻጭ በተግባር ይደርሳል? ሰፈር ቀይሪ ቢሏት ደንበኛዋን የት ታገኛለች።

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ እሱን አልዋሽህም።

የአጂፕ ልጅ፦ እሺ ጥያቄዬን ላስተካክል። ሞት ይቅር፣ ያልኩትን አነሳሁ። ሰው በተሰበሰበበት መተኮስ ራሱን የቻለ ወንጀል ይሁን፣ መነሻው 10 ዓመት ይሁን። ማን ይስማማል?

ባጃጅ ሾፌሩ፦ ይምጣ!!

አባ ጊቤ፦ ይሁን።

ጁምዓ፦ መሣሪያ ፈቃዱም አብሮ ካልጠበቀ እኔ የለሁበትም

የጎንደሩ፦ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ጥር 12 ነው፣ አጎቱ እኔ ነኝ 🙄

እትዬ ጀበና፦ አንተ ዝናሩን እቤት ትተህ ና፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ሲኒ ግን አምጣ፣ የኔ አልቋል።