ለተቸገረ ሰው «ችግርህ ስጦታ ነው» ማለት ይገባልን? ከጅማ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን የተወሰደ ክርክር

አወያይ፦ ባለፈው እሑድ ሰባኪው «ችግር ሁሉ ከእግዚአብሔር የተላከ ስጦታ ነው፤ ለተቸገረውም ይህንኑ ንገሩት» ማለታቸው ብዙዎቻችንን ስላከራከረ፣ ሐሳባችሁን በጽሑፍ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ።

የማና ቡና አምራች፦ እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 5፥3 በመከራችን እንመካለን ብሎ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን እንደሚያስገኝ በቅደም ተከተል አስረድቶናል። ለዚህ ከማሳችን ምስክር አለን። ልጅ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የታየው ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችንን ሲያዳርስ፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ይሁንና በበሽታው መካከል ጸንተው የቆሙ ጥቂት እናት ዛፎች ተገኙ። እዚህ ጅማ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከእነዚህ የመረጧቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች ዛሬ በማሳዬ አሉ፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። በሽታው ባይመጣ ኖሮ የእነዚያን ዛፎች ጽናት ማን ያውቅ ነበር? የአማኝም እምነት የሚታወቀው እንዲሁ ነው።

ነርስ ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ ምሳሌዎ መልካም ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ተመራማሪዎቹ በሽታውን ስጦታ ብለው አልተቀበሉትም፤ ጠላት መሆኑን አውቀው መድኃኒቱን ፈለጉ። ማሳው የጠፋበት ገበሬስ እምነቱ ደካማ ነበር እንበልን? አራስ ልጇን ባጣች እናት አልጋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጠያቂ «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው» ሲላት ሰምቻለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በዚያ ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ እግዚአብሔር የተቈጣቸው ስለ ተናገሩት ነው። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ።

መምህር፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፤ ልዩነቱ ያለው ግን ቃሉን ማን ይናገረዋል በሚለው ላይ ይመስለኛል። ዮሴፍ በዘፍጥረት 50፥20 እግዚአብሔር ነገሩን ለመልካም እንዳሰበው የተናገረው ራሱ ነው፤ የተናገረውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የወንድሞቹን ሥራ ክፉ ከማለት አልተመለሰም። በጕድጓዱ አፍ ቆሞ «ይህ ስጦታህ ነው» ያለው ሰው የለም፤ ቢኖር ኖሮ ከሸጡት ወንድሞቹ በምን ይለይ ነበር? ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። ጸጋዬ ይበቃሃል የሚለውን መልስ የሰማው ከለመነ በኋላ ነው። እንግዲህ ከመከራ መዳንን መለመን የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የመከራን ዋጋ መመስከርም በመጀመሪያ የተቀበለው ሰው ድርሻ ነው።

የማና ቡና አምራች፦ መምህር፣ ዮሴፍን በተመለከተ ተረትቻለሁ፤ በአልጋ አጠገብ ስለሚነገረውም ልጄ ያለችው ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አልለቅም። አባቴ ማሳው ሲመታበት ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ዝም ብሎት ነበር፤ ያ ዝምታ ተስፋ እንደሌለው አድርጎ አሳየው። የተስፋን ቃል የሚያስታውሰው ሰው በፈለገ ጊዜ ዝም ብንል እኛም እንጠየቃለን። ታዲያ ጊዜው መቼ ነው?

ነርስ ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ ለሁሉ የሚሆን ቀን መቍጠር አልችልም፤ የማውቀውን ልንገርዎ። ያቺን እናት በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር፤ ቡና እናፈላለን፣ ስለ ልጇ ስታወራ እሰማለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ሮሜ 8ን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የሚናገረው 28ኛው ቍጥር ላይ ከመድረሴ በፊት አስቆመችኝና 26ኛውን፣ መንፈስ በማይነገር መቃተት ስለ እኛ ይማልዳል የሚለውን፣ እንድደግምላት ለመነችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት፤ በዚያ ቀን ከዚያ አላለፍንም።