ምልክት የሌለው ሽማግሌ የት ነው ያለው?

የመንዝ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው ነገር አናዶኛል። «አሜሪካኖቹ እንኳ ምልክት የሌላቸውን፣ ማለትም ዓይኔን አመመኝ ወይም ደከመኝ ያላሉትን አረጋውያን ዓይን በጤና ጣቢያ ደረጃ መርምሩ አላሉም፤ እኛ በየት አቅማችን?» ይላል። ምልክት የሌለው ሽማግሌ እስቲ መሐል ሜዳ ላይ አሳየኝ! እናቶቻችን ዓይናቸው እየጠፋ «እርጅና ነው» ብለው ቁጭ ይላሉ። ስላልተናገሩ ደህና ናቸው?

ታዛቢ ከደብረ ብርሃን፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልመለስም። የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑት «ማስረጃው በቂ አይደለም» ብሏል። እንግሊዝ አገርም 75ና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁሉ መመርመር፣ ችግር ያለባቸውን ብቻ ከመመርመር የተሻለ ዕይታ አላመጣም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ በቂ ማስረጃ የለም ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም። እዚያ ዓይኑ የደከመበት ሰው መነፅር ቤት ይሄዳል። እኔ ጋ ለደም ግፊት የመጣ አባት ካልጠየቅኩት ስለ ዓይኑ ትንፍሽ አይልም። የዕይታ መመርመሪያ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ያስቸግራል? ፊደል ያልቆጠረውም ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል።

ታዛቢ ከደብረ ብርሃን፦
ሰሌዳው ግላኮማን፣ ያንን የዓይን ነርቭ የሚጎዳውን በሽታ ያገኛል? ግላኮማ ያለበት ሰው እኮ ሰሌዳውን አጥርቶ ሊያነብ ይችላል። «ደህና ነህ» ብለሽ የሸኘሽው ሰው በኋላ ቢታወር ማን ይጠየቃል?

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት፦
እኔ የማወራው ስለ ዓይን ሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ሰውየው ያያል። ግላኮማን ስለማይዝ ሞራውንም እንተወው?

የመንዝ ልጅ፦
ለትራኮማ መድኃኒት ቤት ለቤት ሲታደል ሽማግሌው እኮ እዚያው ፊት ለፊት ቆሟል። መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ ጣት ማስቆጠር ያቅታል? የከተማ ሰው ሁሌ ጥናት፣ ጥናት!

ታዛቢ ከደብረ ብርሃን፦
ከተማ መኖር ወንጀል ሆነ? እናቴ ጣርማ በር ናት። ለእናቶች ከማንም በላይ የምታስብ አታስመስል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ በሰፈር አትጣሉ። ጎረቤቴ ያሉ እናት «ሞራ ነው» ተብለው ሪፈር ተጻፈላቸው። ወረቀቱ እስካሁን ቤት ተቀምጧል። ትራንስፖርት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ሥራውን ትቶ አብሮ የሚሄድ ልጅ ያስፈልጋል። ይሄ ሳይታሰብ ሺህ ሰው ብትመረምሩ ወረቀት ማብዛት ነው።

ታዛቢ ከደብረ ብርሃን፦
ጋሼ፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት፦
በፍጹም። አንተ «አትመርምሩ» ነው ያልከው፤ ጋሼ «መርምራችሁ አትተዉ» ነው የሚሉት። የቀዶ ጥገና ዘመቻ ሲመጣ እኮ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰዎች ዝርዝር ነው። ሳንመረምር ከየት እናመጣዋለን?

ታዛቢ ከደብረ ብርሃን፦
ዘመቻ ሲመጣ በቀበሌ ማስታወቅ ይበቃል። የፈለገ ይመጣል።

የመንዝ ልጅ፦
መንገዱ የማይታየው ሰው በምን ዓይኑ ነው የሚመጣው?