ኤንኤፍኤስ ሼር ላይ ፋይል ሎክ እምቢ አለኝ፣ ኖሎክ ልጨምር?

ጠያቂ፦
ሰላም፣ እስኪ እርዱኝ። ሁለት ሊኑክስ ማሽኖች ላይ አንድ ኤንኤፍኤስ ሼር (በኔትወርክ የሚጋሩት ፎልደር) ማውንት አድርጌያለሁ፣ ማንበብም መጻፍም ይሰራል ግን ሎክ (ሌላ እንዳይጽፍበት ፋይሉን መያዣ) የሚጠይቅ ፕሮግራም ሲነሳ ዝም ብሎ ይቆይና "ኖ ሎክስ አቬይለብል" ብሎ ይወድቃል። ፐርሚሽኑ ደህና ነው። የኤንኤፍኤሱ ቨርዥን 3 ነው፣ ሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ ፖርት 111 እና 2049 ከፍቻለሁ። ኖሎክ የሚለውን ኦፕሽን ጨምር ያለኝ ሰው አለ፣ ልጨምረው?

መልስ 1፦
ኖሎክን እንዳትነካ! ኤረሩ ይጠፋል እውነት ነው፣ ግን ሎኩ የሚያዘው እዛው ማሽንህ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላኛው ማሽን ወሬም የለው፣ ሁለቱም ፋይሉ የኔ ነው እያሉ እኩል ይጽፉበትና ዳታህ ይበላሻል። ሼሩን የሚጠቀመው አንድ ማሽን ብቻ ቢሆን ግድ የለም ነበር።

መልስ 2፦
ፋየርዎሉ ነው ባይ ነኝ። በቨርዥን 3 ሎክ የሚሰሩት ሎክዲ እና ስታትዲ የሚባሉ ለብቻቸው ያሉ ሰርቪሶች ናቸው፣ ፖርታቸውን ቋሚ ካላደረግክላቸው ደግሞ በተነሱ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱን ፖርት መክፈትህ ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ ላይ አርፒሲኢንፎ ከሰረዝ ፒ ጋ (rpcinfo -p) በል፣ ኤንሎክኤምጂአር (ሎክዲ) እና ስታተስ (ስታትዲ) የሚሉ መስመሮች ይወጣሉ፣ አጠገባቸው ያሉት ፖርቶች ከክላየንቱ (ሼሩን ማውንት ካደረገው ማሽን) ይደረሳሉ ወይ ሞክር። የክላየንቱንም ፋየርዎል እይ፣ ወረፋ የያዝክበት ሎክ ሲለቀቅ ደውሎ የሚነግርህ ሰርቨሩ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መልስ 3፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ወደ ቨርዥን 4 ሂድ በቃ። እሱ ላይ ሎክ ፕሮቶኮሉ ውስጥ ስላለ 2049 ብቻ ይበቃል። ግን ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ግሬስ ፔሪየድ የሚባል አለ፣ በዲፎልት እስከ 90 ሰከንድ አዲስ ሎክ አይሰጥም፣ ድሮ የያዙት ክላየንቶች መልሰው እንዲወስዱ ነው፣ ተበላሸ ብለህ ደግመህ ሪስታርት ካደረግከው ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ሰርቪሶቹ ተነስተዋል ግን ከክላየንቱ ፖርታቸው አይደረስም። ወደ 4.2 ቀይሬው ሎኩ ወዲያው ያዘ። ፕሮግራሙ ኤስኪውላይት (ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ) ነው የሚጠቀመው፣ ከሁለቱም ማሽን ቢጻፍበት ችግር አለው?

መልስ 1፦
ዋል ሞድ (ለውጡን መጀመሪያ ለብቻው ፋይል ላይ የሚጽፍበት አሠራር) ከሆነ ጭራሽ አይሆንም፣ ሼርድ ሜሞሪ ስለሚፈልግ ዳታቤዙን የሚከፍቱት ሁሉ አንድ ማሽን ላይ መሆን አለባቸው። ሌላውም ሞድ ኔትወርክ ላይ አያስተማምንም፣ ከሁለት ቦታ የሚጻፍ ከሆነ ፖስትግሬስ (በሰርቨር የሚሰራ ዳታቤዝ) ብትተክል ይሻልሃል።