የድሮ ሚያታ ቁልፍ አልዞር አለኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የ1995 ማዝዳ ሚያታ መኪና አለኝ። ቁልፉ ሲገባ ደህና ነው፣ ለማዞር ግን በጣም ይጠነክራል፣ በተለይ ጠዋት ሲበርድ፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ቁልፉ በራሱ አይመለስም፣ በእጄ ነው የምመልሰው። ዘይት ልንፋበት ወይስ ሙሉውን ልቀይር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ዘይት ይቅርብህ። ለጊዜው ያለሰልሰዋል፣ ቆይቶ ግን አቧራ ይይዝና ይባስ ያጣብቀዋል። የግራፋይት ዱቄት (ደረቅ ማለስለሻ) ትንሽ ነፋ አድርግበትና ቁልፉን ደጋግመህ አስገባ አውጣ። ስታዞር ደግሞ መሪውን ግራ ቀኝ ነቅነቅ አድርግ፣ የመሪው መቆለፊያ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ እኔን ያሳሰበኝ አለመመለሱ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) መዞሩን ከቀጠለ ሊቃጠል ይችላል፣ እስኪሠራ አትንዳው! ቁልፉ የሚገባበትና ከኋላው ያለው የኤሌክትሪክ ስዊች የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ አውጣ፣ ስዊቹን ነጥለህ በካቻቢቴ አዙረው። እሱ ከከበደ እሱን ብቻ ቀይር፣ ርካሽ ነው። ቀላል ከሆነ ችግሩ ቁልፉ የሚገባበት ጋ ነው።

መልስ 3፦ የቁልፉን ጥርስም እየው። ካለቀ ከእሱ ላይ አታስቀርጽ፣ ያለቀውን ነው የሚገለብጡልህ። በቁልፉ ኮድ ቁጥር አዲስ አሠራ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ቅዳሜ ስዊቹን እፈታዋለሁ።