አማርኛ ጭምር ወይስ እንግሊዝኛ ብቻ?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ አብሮት የተወለደ፣ ትምህርትና ንግግር የሚያዘገይ ሁኔታ ነው። የንግግር ባለሙያዋ «ሁለት ቋንቋ ይከብደዋል፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት» አለችን። ባለቤቴ ተስማማ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። አብራን የምትኖረው እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ ባለሙያዋን ስሚያት እንጂ እህቴ! ትምህርት ቤቱም ጓደኞቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። አንዱን በጭንቅ ለሚይዝ ልጅ ሁለት መጫን ምን ይባላል?

ነርሷ፦ ይሄ ነገር ተጠንቷል እኮ። ካናዳ ውስጥ እነ ኬይ ሬይኒንግ በርድ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች መካከል ሁለት ቋንቋ የሚሰሙት አንድ ብቻ ከሚሰሙት በእንግሊዝኛቸው አላነሱም። ንግግሩ የዘገየው በአማርኛ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ልጆች ከሚናገሩት የሚገባቸው ይበልጣል። ብዙዎቹ ደግሞ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ በደንብ አይሰሙም። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪው።

የሦስት ልጆች አባት፦ ስንት ልጆች ላይ ተጠና?

ነርሷ፦ ሁለት ቋንቋ ያላቸው 8 ነበሩ። ትንሽ ነው፣ አልክድም። «ይጎዳል» የሚለውስ በስንት ልጆች ላይ ተጠና ወንድሜ?

እትዬ፦ የእኔ ልጅ አሁን 19 ዓመቷ ነው። እኛም «እንግሊዝኛ ብቻ» ብለን ነበር። የእኔን እንግሊዝኛ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፣ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። «ነይ፣ ተቀመጪ፣ ብዪ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ትዕዛዝ እንጂ ጨዋታ የለም። ቡና ተፈልቶ ዘመድ ሲሳሳቅ እሷ ጥግ ይዛ ስልኳን ታያለች። ቋንቋው ብቻ ግን አይደለም። «ስምሽ ማነው?» ሲሏት የምመልሰው እኔ ነበርኩ። እሷ ለመመለስ ጊዜ ትፈልጋለች፣ እኔን ደግሞ ዝምታው ያሳፍረኛል። ዛሬም ሰው ሲያናግራት ቀድማ የምታየው የእኔን ፊት ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦ እትዬ፣ ለልጅ ቀድሞ የመመለሱን ነገር እቀበላለሁ፤ እኔም ቤት አለ። ግን እሱ በእንግሊዝኛም ይስተካከላል።

እትዬ፦ በእናንተ እንግሊዝኛ ይሆናላ።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዛሬ ጠዋት እናቴ «እንደምን አደርክ?» ስትለው አፌን ይዤ ቆጠርኩ። 9 ላይ ስደርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

የሦስት ልጆች አባት፦ ጎንበስ ማለትም አማርኛ ሆነ?

ነርሷ፦ ታዲያስ! በእጅ ምልክት መጀመር ንግግርን አያዘገይም። ባለሙያዋንም ጠይቁልን፦ አያቱ በየትኛው ቋንቋ ታናግረው?