ነጭ ሽንኩርቴ ከውርጩ ቀድሞ በቀለ!! ልንቀለው ወይ?

ችኩሉ፦ ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ፣ ዛሬ ሌሊት ውርጭ አለ ይላል አፑ፣ እኔ ደግሞ የተከልኩት ነጭ ሽንኩርት አንድ ጣት የሚያህል ቅጠል አውጥቷል። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ ትከል ስላሉኝ ከሰባት ሳምንት በፊት ነው የተከልኩት። ነቅዬ ብርዱ ሲያልፍ መልሼ ልትከለው?

ቀልደኛ፦ ሹራብ አልብሰው ሃሃሃ

ጓሮዬ፦ እንዳትነቅል!! ሥሩን በጣጥሰህ ነው የምታወጣው። ውርጩ ቢበዛ የቅጠሉን ጫፍ ቢጫ ያደርገዋል፣ ፍንካቹ ደህና ከሆነ ሲሞቅ መልሶ ያወጣል።

ገለባ፦ ጉዝጓዝ አድርግበት በቃ

አዛውንቱ፦ ልጄ፣ ስህተቱ ከቆጠራው ነው። ውርጭ ቅጠል ላይ ታየ ማለትና አፈሩ በረዶ ሆነ ማለት ለየቅል ነው። የሚቆጠረው አፈሩ ከሚደርቅበት፣ ማለቴ ከሚጠጥርበት ቀን ወደኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፣ ብዙ ቦታ ያ ከመጀመሪያው ውርጭ በኋላ ነው የሚውለው። አፈሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ትተክላለህ፣ ሥር ይሰዳል ቅጠል ግን አይቸኩልም። የኛ ሰው ግን ካላንደር ላይ አፍጥጦ...

ችኩሉ፦ አባባ ገባኝ፣ ግን አሁን ተተክሏል እኮ! ብርዱ ሲያልፍ ብተክለው ምን ይሆናል?

ጓሮዬ፦ ብርድ ካላገኘ ፍንካች ሳይከፍል አንድ ክብ ኳስ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ብርዱን እኮ ይፈልገዋል። ለመሆኑ ስንት ጥልቀት ነው የተከልከው?

ችኩሉ፦ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሹሉ ወደ ላይ

ጓሮዬ፦ አሃ ይሄን ነበር መጀመሪያ ማለት! ያስፈራኝ ቅጠሉ ሳይሆን ይሄ ነው። አፈሩ እየጠጠረ ሲላላ ፍንካቹን ገፍቶ ያወጣዋል። አሁኑኑ ከላይ ልል አፈር ጨምርበት፣ ፍንካቹ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ይሸፈን፣ ቅጠሉ ወጣ ብሎ ይቆይ።

ገለባ፦ ጉዝጓዝ አልኩ እኮ

አዛውንቱ፦ ወፍራሙ ጉዝጓዝ አፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ቀድመህ ካለበስከው ሙቀቱን ይዞ ቅጠሉን ጭራሽ ያስረዝመዋል። እርጥብ ቅጠልም አትከምርበት ያፍነዋል።

ችኩሉ፦ እሺ አካፋ ይዤ ልውጣ፣ እየመሸ ነው

ቀልደኛ፦ ባትሪም ያዝ

ጓሮዬ፦ ችኩሉ አራት ቀን ሆነህ፣ እንዴት አደረ?