የእናታችን የልብ አልትራሳውንድ ውጤት፦ «58 ከመቶ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ66 ዓመት እናታችን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው እዚሁ ጅማ የልብ አልትራሳውንድ ተነሥተዋል። ወረፋው ብዙ ስለነበር ውጤቱ በቅጡ ሳይብራራልን ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠርን። ወረቀቱ ኢጀክሽን ፍራክሽን 58 ከመቶ፣ የግራ ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር፣ አንደኛ ደረጃ የዲያስቶል ችግር፣ በማይትራል ቫልቭ በኩል መጠነኛ የደም መመለስ ይላል። ወንድሜ 58ቱን አይቶ «ልባቸው ግማሽ ጉልበቱን አጥቷል» ስላለ ቤቱ ሁሉ ተደናግጧል፤ እናታችንም እህል አልቀምስ ብለዋል። የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒቱን ግን ሲሻላቸው ይተዉታል። የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ፣ ከአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
እህቴ፣ በቅድሚያ እናትዎን ያረጋጓቸው። ኢጀክሽን ፍራክሽን ማለት ልብ ከሞላው ደም በአንድ ምት የሚረጨው ድርሻ ነው። ልብ በአንድ ምት የያዘውን ደም ሁሉ አይረጭም፤ የጤነኛ ሰው ልብ እንኳ ከሞላው ደም ከ50 እስከ 70 ከመቶ የሚሆነውን ብቻ ስለሚረጭ፣ 58 ደኅና ቁጥር ነው። ልብ ደከመ የሚባለው ቁጥሩ ከ50 ሲወርድ፣ በተለይም 40ና ከዚያ በታች ሲሆን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የልብ ግድግዳው ውፍረት፣ 13 ሚሊ ሜትሩ ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም ማለፍ የሌለበት ይህ ጡንቻ፣ ለዓመታት ከከፍተኛ ግፊት ጋር ሲታገል ይወፍራል፤ ይደነድናልም። የደነደነ ጡንቻ ደግሞ በሁለት ምት መካከል በቀላሉ ስለማይላላ ደም እንደሚገባው አይሞላበትም፤ የዲያስቶል ችግር የተባለው ይኸው ነው፤ አንደኛ ደረጃው በአረጋውያን ዘንድ በብዛት ይታያል። የትንፋሽ ማጠሩን ግን በዚህ ብቻ ማሳበብ አይገባም፤ ደም ማነስና የሳንባ ሕመምም መታየት አለባቸው። መጠነኛው የደም መመለስ ቫልቩ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) ራሱ ጤነኛ ከሆነ እምብዛም አያሰጋም፤ በአገራችን ግን የሩማቲክ ልብ ሕመም ቫልቭ ስለሚያበላሽ፣ በቀጠሮው ቀን «ቫልቩ ወፍሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልስ፣ ከአንዲት ነርስ፦
ግፊት ሳያሳምም ይጎዳል፤ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቆም ልብን ለዚህ ውፍረት ይዳርጋል። እናታችን ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ከሆነስ? በቀን የሚመከረው ጨው በጠቅላላው ከ5 ግራም በታች ሆኖ ሳለ፣ በየሲኒው የሚጨመረውን የሚቆጥረው የለም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አዎን፣ ቡናቸው በጨው ነው፤ ለጉልበታቸውም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ ይውጣሉ።

መልስ፣ ከሐኪሙ፦
ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ለጉልበታቸው ሌላ ማስታገሻ ሐኪሙን ጠይቁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የቀድሞ የአልትራሳውንድ ወረቀት ካለም ጨምራችሁ ለቀጠሮው ያዙ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።